ዋናው ቡጢ

ስብሐት ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ቢጠይቁት ራሱም አይክድም። "ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ይላል፣ ቀብሮም ቢሆን ልቡ የሚያርፍለት አይመስለኝም። ጠባዩ አብሮት የተወለደ ይሁን ከሥራው የተጋባበት ለይቶ የሚያውቅ የለም። ሥራው ለአዲሱ ገበያ ቅርብ በሆነ አንድ ጣቢያ መኪና ለቦሎ መመርመር ነው። ይህም ማለት ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሊያታልለው ሲሞክር ይውላል ማለት ነው።

እዚያ የሚመጣ መኪና ሁሉ ለዚያች ቀን ብቻ ጤነኛ ነው። ጎማው ከጎረቤት የተዋሱት፣ የኋላ መብራቱ ከወንድም መኪና ላይ የተፈታ፣ ፍሬኑ ጠዋት ጋራዥ ገብቶ ለምርመራው ብቻ የተጠበቀ ነው። አንድ ጊዜ ስብሐት አንዲትን ጎማ በጎኗ ባለው ጠባሳ ለይቶ "አንቺን ባለፈው ሳምንት በነጭ ሚኒባስ አላየሁሽም?" ብሎ ባለመኪናውን ላብ በላብ አድርጎታል። ሰውየው "ጋሼ፣ ጎማ ሁሉ ይመሳሰላል" ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ስብሐት ጎማዋን በእግሩ ነካ አደረጋትና ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።

የዚህ ሰው የገዛ አካል ለምርመራ የቀረበው አምና ነው። አቶ መሸሻ የሚባሉ የሰፈር ሰው ሞተው ዕድርተኛው ለቀብር ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገት ላይ ነው። ስብሐት እንደ ደንቡ ትከሻውን ከሳጥኑ ሥር አስገባ፣ ዳገቱም ገና ሳይጋመስ ትንፋሹ አለቀ። ከኋላው አንድ ወጣት መጣና "ጋሼ ይተዉት፣ እኔ ልያዝልዎት" ብሎ ትከሻውን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቦታውን ወሰደበት። ስብሐት ከሴቶቹና ከሽማግሌዎቹ ጋር ከኋላ ቀረ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው።

መድከሙ አልነበረም ያንገበገበው። የልጁ ትሕትና ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ቢጠይቅ እውነቱን የሚነግረው ጠፋ። ሚስቱ አጸደ "ሳጥኑ ከባድ ነበር" አለችው። የዕድሩ ሰዎች "መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው" አሉት። ሐኪሙ ደግሞ ደረቱን አዳምጦ "ለዕድሜዎ ደህና ነዎት" አለው፤ ስብሐትም "ለዕድሜዎ" የምትለዋን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ሲያገላብጣት ሰነበተ። ለመኪና ዕድሜ አይባልለትም። ወይ ያልፋል፣ ወይ ይወድቃል። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ያለ ይሉኝታ "አለህ" ወይም "የለህም" የሚለው ሰው።

አንድ ጠዋት ዊንጌት አካባቢ በሚገኝ የወጣት ማዕከል በኩል ሲያልፍ ከአንድ ክፍል ውስጥ የሚወጣ የዱብ ዱብ ድምፅ አስቆመው። በመስኮት አየ። ልጆች በጨርቅና በአሸዋ የተሞላ ከረጢት እየደበደቡ ነበር። ምላስ ይዋሻል፣ ቡጢ ግን አይዋሽም ብሎ አሰበ። ገባ።

አሰልጣኙ ሸፊ ይባላል። በጉብዝናው ዘመን ለክለብ ይቧቀስ የነበረ፣ አፍንጫው አንድ ጊዜ ሄዶ በደንብ ያልተመለሰ የስብሐት እኩያ ነው።

"ሰው ፈልገህ ነው?" አለው።

"ልማር ነው።"

"ልጅህ?"

"እኔ።"

ሸፊ ቦርጩን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ፊቱን አየ። "ለቦርጭህ ከሆነ ገመድ ትዘላለህ። የምትበቀለው ሰው ካለህ ግን ከአሁኑ ንገረኝ። እንዲህ ያሉ ሰዎች እየመጡ አስቸግረውኛል።"

ስብሐት ወደደው። የሚጠረጥር ሰው ካገኘ ዘመድ ያገኘ ነው የሚመስለው።

ገመዱ መጀመሪያ እግሩን እየጠለፈ በልጆቹ ፊት አዋረደው፣ በኋላ ግን እየለቀቀው መጣ። ወራት አለፉ፣ ቦርጩም አብሯቸው ሄደ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ጉለሌ ውስጥ ግን ሰው ሲከሳ እንኳን ደስ አለህ አይባልም። "ምነው ከሳህ?" ይባላል፣ ቀጥሎ ድምፅ ዝቅ ይልና "ሐኪም አየህ?" ይባላል፣ ዞር ሲሉ የሚባለውን ደግሞ እግዜር ይወቀው። የዕድሩ ዳኛ እጁን ከወትሮው ረዘም አድርገው ያዙት። "ኧረ እኚህ ሰውዬ ለሳጥን እየመዘኑኝ ነው" አለ በልቡ፣ አልተሳሳተም።

ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። አጸደ አዲሱ ገበያ የልጆች ልብስ ትሸጣለች፤ የሰው ልክ በዓይኗ ብቻ የምታውቅ ሴት ናት፣ ይህን ያህል ሰው ከጎኗ ሲጎድል አይጠፋትም። ስብሐት ጠዋት ጠዋት ጫካው ውስጥ እስካለው የእጽዋት ማዕከል በእግሩ ወጥቶ እንደሚመለስ ነግሯት ነበር።

"እዚያ ድረስ ወጥቶ የሚመጣ ሰው ጫማው ላይ ቅጠል እንኳ አይዝም?" አለችው አንድ ቀን። ከዚያ እጁን ያዘችና አሸተተችው። "ይኼ ምንድን ነው?"

"አፈር ነው።"

"አፈር እንዲህ አይሸትም። ይኼ የሌላ ሰው ላብ ነው።"

እውነቷን ነው። ጓንቱን ከእሱ በፊት ስንቱ እንደሚያጠልቀው ሸፊም አያውቅም። አጸደ መጀመሪያ ሌላ ሴት ጠረጠረች፣ የባሏን ጠባይ አሰበችና ተወችው፤ ይህን ነዝናዛ ማን ይወስደዋል! ቀጥላ በሽታ ጠረጠረች፣ በዚያው ጸናች። ከእንጦጦ ጸበል አስመጥታ ሳትነግረው ሻዩ ውስጥ ትጨምርለት ጀመር። እሱም ፉት ይልና "ሻዩ ምን ሆኗል?" ይላል። "ምን ሆነ?" ትላለች። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ሁለቱም ሲጠራጠሩ ከረሙ። በመጨረሻ ከንፈሩ አብጦ ሲመጣ ማምለጫ አጣና እውነቱን ተናገረ። አጸደ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ ከዚያ አማተበች።

"በስተርጅና ቡጢ?" አለች።

ያቺን "በስተርጅና" ይዞ ተኛ።

ሸፊ ከሰው ጋር ሊያጋጥመው ሲወስን የሰጠው ማቲን ነው። ማቲ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ስልክ ይጠግናል፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ውስጥ ይዘምራል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ክለብ ልጆች ሊመርጥ ይመጣል ተብሎ ነበርና ሌላ ነገር አያልምም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማቲ ጨዋ ነው፤ የስብሐትም ችግር ከዚህ ጀመረ።

ማቲ ይመታና "ይቅርታ ጋሼ" ይላል። ደግሞ ይመታና "ሆድዎን ይሸፍኑ ጋሼ" ይላል። ቡጢና "እርስዎ" እንዴት አብረው ይሄዳሉ? "እርስዎ" የሚባል ሰው ወንበር ይለቀቅለታል፣ ሻንጣው ይያዝለታል፤ ማን ፊቱን ይመታዋል? እኔም ከመጀመሪያው "እሳቸው" ሳልል የቀረሁት ንቄው አይደለም፣ ይህን እንደማይፈልግ ስለማውቅ ነው።

"አንተ በለኝ" አለው ስብሐት።

"እንዴት አድርጌ ጋሼ? ጌታ ይባርክዎት፣ ይኼንንስ አይዘዙኝ።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ስብሐት ምርመራውን ጀመረ። እጁን ሆን ብሎ አውርዶ አገጩን ሰጠው። ማቲ መታው። ቤት ሄዶ መንጋጋውን በመስታወት እያየ ዳሰሰው። ያማል። ማመሙ ግን ማስረጃ አልሆነለትም፣ ግማሽ ቡጢም ያማልና። ልጁ ዋናውን ቡጢ የት ነው የሚያስቀምጠው? ሲመጣ ዓይኑን አየ፣ ሲሄድ ትከሻውን አየ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲጋጠም ጥግ ይዞ አስተያየ። ልዩነት ያለ መሰለው። ሌላ ቀን የሌለ መሰለው። እንቅልፍ አጣ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ማቲ ወደ ውስጥ ገባ ሲል የስብሐት ቀኝ እጅ ከላይ መጣች። እሱ ራሱ እንደላካት ያወቀው ከደረሰች በኋላ ነው። ማቲ መሬት ላይ ዘጭ አለና ተቀመጠ፣ ዓይኑም ለጥቂት ጊዜ ማንንም አላየም። ከዚያ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ስብሐት የዚያን ቀን ታክሲ አልያዘም። ደስታው ሰው መሃል ታጥፎ የሚቀመጥ አልነበረም፣ በእግሩ እየሮጠም እየሄደም ቤቱ ገባ።

"ጣልኩት!" አላት አጸደን።

"ማንን?"

"ማቲን!"

"ምስኪን ልጅ!" አለች። ከተጋቡ ጀምሮ ከሰማው ምስጋና ሁሉ ይህ ጣፈጠው። ሰኞ ሥራ ገብቶ አንድ መብራቱ የደከመ ሚኒባስ በፈገግታ ሲመልስ ሾፌሩ ግራ ተጋባ።

ደስታው እስከ ማክሰኞ ማታ ቆየ። ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ ላይ ብርድ ስለነበር ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ቆሟል። ከፊቱ ማቲ ከሁለት የማሰልጠኛው ልጆች ጋር ነበር፣ አላዩትም።

"ጋሼ ግን ዘረሩህ አይደል?" አለ አንደኛው።

ማቲ ሳቀ። "ባክህ! ለጋሼ ብዬ ነው የወደቅሁት። ትልቅ ሰው አይደሉ? ደስ ይበላቸው ብዬ ነው።"

ታክሲው መጣ፣ ልጆቹ ገቡ። ስብሐት ተራውን ለኋለኛው ሰው ለቀቀ። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይላሉ፤ ስንጥሩ ተገኘ፣ ያገኘው ግን ጉሮሮው ላይ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ጥርጣሬው እውነት ሲሆን ደስ ይለው ነበር። ያን ማታ ያፈረውን ያህል ግን አፍሮ አያውቅም።

ሥልጠናውን ተወ፣ ለማንም ምክንያቱን አልተናገረም። በዚያ ሰሞን በእጁ ያለፈ መኪና ጥቂት ነው፤ አሽከርካሪዎቹ "ሰውየው ምን ነካው?" እያሉ ወደ ሌላ ጣቢያ መሄድ ጀመሩ። ቦርጩ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሰፈሩም "አሁን አማረብህ! ተመስገን!" አለው፣ የዕድሩ ዳኛም እጁን ቶሎ ለቀቁት። አጸደ ብቻ ተመስገን አላለችም። አንድ ቀን ቀበቶውን በቀድሞው ቀዳዳ ሲቆልፍ አይታ "ያ ቡጢህ ይሻል ነበር" አለችው።

ፋሲካ እየቀረበ ሳለ ሸፊ አሮጌ ላዳውን እየነዳ ለቦሎ መጣ። ከመኪናው ወረደና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ "ለምን ቀረህ?" አለ።

ስብሐት መብራቶቹን እየተመለከተ የታክሲውን ሰልፍ ነገር ነገረው።

"ውሸት ነው" አለ ሸፊ። "መውደቁ እውነት ነው። ለጓደኞቹ ነው የዋሸው፣ አፍሮ። መንጋጋው አብጦ ሁለት ቀን ቆሎ መቆርጠም አቅቶት ነበር፤ እኔ ነኝ ያሸሁት።"

ስብሐት ቀና አለ። ልቡ ዘለለ፣ ወዲያውም ተመለሰ። "መኪናህን እንዳሳልፍልህ ነው?"

ሸፊ ፊቱ ቀላ። "ምን አልክ?"

"የግራ ፍሬንህ አይዝም። ይህን ታውቃለህ። አውቀህ መጥተህ እኔን ደስ የሚያሰኘኝን ነገር ትነግረኛለህ።"

"ጣላት!" አለ ሸፊ ላዳውን በእጁ እየመታ። "ጣላት፣ ግን ና! አንተን የመሰለ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ሰው የሰጠህን ትተህ የነፈገህን ፍለጋ ትሄዳለህ። ና ራስህ ጠይቀው!"

ላዳዋን ጣላት። በማግስቱ ጠዋት ማሰልጠኛው ሄደ።

ማቲ ገመድ እየዘለለ ነበር። ሲያየው አቆመና ሊስመው መጣ። "ጋሼ! ጠፉ እኮ! ምነው አመመዎት?"

ስብሐት ጉንጩን አልሰጠውም። "የወደቅህ ጊዜ የእውነት ነው የወደቅኸው ወይስ ለእኔ ብለህ?"

ልጆቹ ዞር አሉ። ማቲ ወደ እነሱ አየ፣ ወደ መሬት አየ። "ጋሼ፣ እሱን ምን ያደርግልዎታል አሁን..."

"መልስልኝ።"

"እርስዎ እንዳሉት ይሁን ጋሼ።"

"ውሸታም ነህ" አለ ስብሐት ጮክ ብሎ። "ወይ እኔን ዋሽተኸኛል፣ ወይ እነዚህን ዋሽተሃቸዋል። እሑድ መድረክ ላይ ቆመህ በዚሁ አፍህ ነው የምትዘምረው?"

ይህስ በዛ። ሸፊ "ስብሐት!" አለ፣ ግን ዘግይቶ ነበር። የማቲ ዓይን እንባ ሞላ፣ ገመዱን ወረወረው።

"አንተ ሰውዬ!" አለ። "ምን አድርግ ነው የምትለኝ? ምን አባክ ነው የምትፈልገው ከኔ?"

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደነገጠ፣ ከስብሐት በቀር። ስብሐት ጓንት እያጠለቀ ነበር። "ዋናውን" አለ። "ዋናውን ቡጢ ነው የምፈልገው።"

ሸፊ ከለከለ፣ የሰማው አልነበረም። በመጨረሻ "አንድ ዙር ብቻ! ሳቆም ትቆማላችሁ!" ብሎ ሰዓቱን ያዘ።

ማቲ ይቅርታ አላለም። በግራው ስብሐትን ግንባሩ ላይ አገኘው፣ በቀኙ ጎኑን። እያለቀሰ ነበር የሚማታው፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከወገቡ እየወረወረ። ስብሐት እጁን ከፍ አድርጎ ጠበቀ። ዋናው ይመጣል። አገጩ ላይ አንዱ ደረሰ፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ፤ ይኼ አይደለም፣ ይኼን አውቀዋለሁ አለ በልቡ። ሌላው ጆሮው ሥር ደረሰ። ይኼንንም ያውቀዋል። መንጋጋው፣ ጎኑ፣ ሆዱ፣ ሁሉም ያውቁታል፤ ወራቱን ሙሉ ቤት ወስዶ በመስታወት ሲመረምረው የነበረው ቡጢ ነው። ዋናውን ጠበቀ፣ ጠበቀ። የማቲ እጅ እየከበደ መጣ፣ ትንፋሹም ያፏጭ ጀመር። ስብሐት ቆሞ ነበር።

"በቃ!" አለ ሸፊ።

ስብሐት ደም የቀላቀለ ምራቁን ዋጥ አደረገና ጠጋ አለ። "ዋናውስ?" አለው በቀስታ። "ለምን አልሰጠኸኝም?"

ማቲ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያለከልክ ነበር። "የቱ ዋና?" አለ። "ሌላ የለኝም። ያለኝ ይኸው ነው።"

ያኔ ስብሐት ገባው። ልጁ ምንም ደብቆበት አያውቅም። ሁሉም የእውነት ነበር፤ የመታውም፣ የወደቀውም። ደስታው ከእግሩ ጀምሮ ወጣ፣ ደረቱ ድረስ ደረሰ፣ "አለሁ" ብሎ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። በዚህ መሃል የማቲን ፊት አየ።

ማቲም ገብቶት ነበር። ያለውን ሁሉ፣ ንዴቱንም እንባውንም ጨምሮ፣ በሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ላይ አራግፎ ሰውየው ቆሟል። ልጆቹ እርስ በርስ መተያየት ጀምረዋል። አንደኛው ለሌላው በጆሮው አንድ ነገር አለው። ክለቡ የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ስብሐት አፉን ዘጋ። ሸፊን አየው፣ ልጆቹን አያቸው፣ ከዚያ ግንባሩን በጓንቱ ጠርጎ ሳቀ፤ የውሸት ሳቅ አልለመደም፣ አስቸገረው።

"አያችሁት?" አለ። "አሁንም አዘነልኝ። ይህን ሁሉ ሰድቤው እንኳ ለሽማግሌ ያዝናል። ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

የልጆቹ ፊት ተፈታ። "ማቲ እኮ እንደዚያ ነው" አለ ያ በጆሮ ያወራው። ሌላው እያጨበጨበ ወጣ። ሸፊ ብቻ አልሳቀም፤ በዚያ በጠመመ አፍንጫው በኩል ስብሐትን ሲመለከት ቆየ፣ የተዋሱት ጎማ እንደሆነ ያወቀ ሰው ይመስላል።

ማቲ መጥቶ ከፊቱ ቆመ። የስብሐትን እጅ ያዘና የጓንቱን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ቀና ሳይል፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ "ለእኔ ብለህ ለምን ዋሸሃቸው?" አለው።

"ዝም ብለህ ፍታልኝ" አለ ስብሐት።